ሁለቱ ገነቶች፤ ጥንታዊ ትምህርት ቤትን ስለ መጠበቅ

ሰውን ከእንስሳ ከሚለዩት ነገሮች አንዱ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ያደረጉትን ማወቁና ያወቀውንም ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ማቆየቱ ነው። ወፍ ጎጆዋን በየዓመቱ እንደ አዲስ ትሠራለች፤ የእናቷ ጎጆ የት እንደ ነበረና ለምን እንደ ፈረሰ አትጠይቅም። ሰው ግን አባቱ የሠራውን ቤት ይወርሳል፤ ከቤቱም ጋር በቤቱ ውስጥ የተደረገውን ነገር ሁሉ ይወርሳል። ቤቱን ተቀብሎ ታሪኩን የሚጥል ወራሽ፣ ከርስቱ ግማሹን ብቻ እንደ ተረከበ ይቈጠራል።

ይህ ነገር ስለ ማናቸውም ቤት እውነት ቢሆንም፣ ስለ ትምህርት ቤት ሲሆን ይበልጥ እውነት ነው። መኖሪያ ቤት የአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ወላጆቻቸው የማይተዋወቁ ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንድ መጽሐፍ የሚገልጡበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የጥንት ትምህርት ቤት የአንድ ሕዝብ የጋራ ማስታወሻ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ዛሬ ለመግለጽ የማስበውም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም፣ ጥንታዊ ትምህርት ቤትን መጠበቅ ማለት ግድግዳውን ማደስና ጣራውን መክደን ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ የተደረገውን ነገር ክብሩንም፣ ሐዘኑንም፣ ነውሩንም ሳይቀንሱ መጠበቅ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ይልቁንም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ወጣቶች እንዲያነቡልኝ እወዳለሁ። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከበው በሦስት መንገዶች ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም ሦስቱም በእርሱ ሥር ተጠቃለሉ። በነዚህ ስፍራዎች ትናንት የእህል ማሳ የነበረው ዛሬ ፋብሪካ ወይም ፎቅ ሆኖ ስለሚታይ፣ በዚያ የሚያድግ ልጅ ዓለም ሁሉ ከትናንት ወዲያ የተጀመረ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን በየቀኑ በታክሲና በአውቶቡስ የሚመላለስባቸው እነዚያው መንገዶች በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ብዙ ነገር ያዩ መንገዶች ናቸው። ስለዚህ ነገሬን ከመንገዶቹ እጀምራለሁ።

የአገራችን ትምህርት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጥላ ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። በመንግሥት ተቋቁሞ የውጭ አገር ቋንቋና ዘመናዊ ዕውቀት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ግን በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው፤ የመጀመሪያዎቹም መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡትና ወደ ውጭ አገር ተልከው የተመለሱት ወጣቶች ቍጥራቸው ጥቂት ነበር፤ አገሪቱ በእነርሱ ላይ የጣለችው ተስፋ ግን ትልቅ ነበር። ያ ተስፋ ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ በመጀመሪያ ወደ አንደኛው ገነት እንሂድ።

ከቡራዩ ተነሥቶ የአምቦን መንገድ ወደ ምዕራብ የያዘ መንገደኛ ሆለታ ይደርሳል። በዚያ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ስፍራውም ገነት ተባለና ሆለታ ገነት በሚል ስም ታወቀ። በጥር ወር 1927 ዓ.ም. በዚህ ስፍራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ የስዊድን መኮንኖች ሲሆኑ፣ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባል ነበር። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ንባብና ቋንቋ የተማሩ ልጆች ነበሩ። ንጉሥ ያርፍበት የነበረው ግቢ ተማሪ የሚደክምበት ግቢ ሆነ፤ ይህም በዚያ ዘመን ቀላል ለውጥ አልነበረም።

ነገር ግን ጊዜው አልጠበቃቸውም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። የሆለታ ልጆች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ከተማይቱን ያዘ። በዚያን ጊዜ ከሆለታ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰው አልተደበቁም፤ ወደ ምዕራብ ወደ ወለጋ ሄደው ከሌሎች የተማሩ ሰዎች ጋር «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩም መሪ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በነቀምት አቅራቢያ ቦናያ በሚባል ስፍራ ባረፉ ጊዜ፣ በሌሊት አደጋ ተጥሎባቸው አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ የጠላት አየር ኀይል ጄኔራል ማሊዮኮም በዚያ ተገደለ።

እኔን ግን ከዚህ ጀብዱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ማኅበሩ ለራሱ ያወጣው ደንብ ነው። በደንቡ ውስጥ የጦሩ አዛዥ ከፖለቲካው አመራር በታች እንዲሆን፣ ተዋጊዎቹ የአገሩን ገበሬ እንዳይበድሉ፣ የተማረከውንም ጠላት እንዳያሠቃዩ ተወስኖ ነበር። አስቡት፤ አገራቸው ተይዛ፣ ንጉሣቸው ተሰደው፣ ስንቃቸው አልቆ፣ በዱር በዝናብ ያሉ ወጣቶች ስለ ድኻው ገበሬ እህልና ስለ ምርኮኛ ሕይወት ይጨነቃሉ። ትምህርት ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ጠመንጃ መተኰስን ያለ ትምህርት ቤትም መማር ይቻላል፤ ጠመንጃ በእጅ እያለ ራስን መግዛት ግን በትምህርትና በጨዋነት ብቻ የሚገኝ ነው።

ማኅበሩ ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ተባብሮ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት ተከብቦ እጁን ሰጠ። እጃቸውን ከሰጡት ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ከሁለት ወር በኋላ የደረሰባቸውን ለመናገር ወደ ሁለተኛው ገነት መሻገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ገነት በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቤቱ የተሠራው ከጠላት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን አልጋ ወራሽ አገራችንን በጐበኘ ጊዜ አካባቢ እንደ ደረሰ ይነገራል። ጠላት ከተማውን በያዘ ጊዜ የኢጣልያ ንጉሥ እንደራሴ መኖሪያና መሥሪያ ቤት አደረገው። ማርሻል ግራዚያኒም በዚያ ተቀመጠ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ በመውለዱ ምክንያት፣ ግራዚያኒ ለድኾች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን በግቢው ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ወጣቶች ቦምብ ወረወሩበት፤ ግራዚያኒ ቈሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹ በዚያው በግቢው ውስጥ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ድኻ ላይ ተኰሱ፤ ከግቢውም ወጥተው ከተማውን ሦስት ቀን አቃጠሉት፣ ሕዝቡንም ፈጁት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞተውን ሕዝብ ቍጥር 30,000 ብሎታል፤ በኋላ ዘመን ነገሩን የመረመረው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ያደርሰዋል። በየትኛውም ቍጥር ቢሆን ሐዘኑ ከመናገር በላይ ነው።

ከዚህም ሁሉ በኋላ ጠላት የተማሩትን ሰዎች እየለየ መግደል ጀመረ። በውጭ አገር የተማሩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ በጽሕፈትና በሙያ አገርን ያገለግላሉ የተባሉ ወጣቶች እየተፈለጉ ተረሸኑ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች ከነዚህ መካከል ነበሩ። በጎጀብ እጃቸውን ሰጥተው የነበሩትም የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ በዚሁ ጊዜ ተገደሉ። ስለዚህ ሁለቱ ገነቶች በደም ተያይዘዋል፤ በሆለታ ገነት የተማሩት ልጆች ከገነተ ልዑል በወጣ ትእዛዝ ሞቱ። ጠላት ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። የተማረ ሰው ባለበት አገር ባርነት እንደማይጸና ያውቅ ነበርና ነው። እኛ አንዳንድ ጊዜ የመማርን ዋጋ እንዘነጋለን፤ ጠላታችን ግን አልዘነጋውም ነበር።

በሱሉልታ የምትኖሩ ወጣቶች ሆይ፣ ከደጃችሁ የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል። አብርሃና ሞገስ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ወደዚያ ገዳም ሸሽተው ነበር። ግራዚያኒም ገዳሙ ረድቷቸዋል ብሎ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱን አስፈጀ። ለአለቆቹ ያስተላለፈው ቴሌግራም ራሱ 297 መነኮሳት መገደላቸውን ይናገራል፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን የሞቱት ሰዎች ከዚያ እጅግ እንደሚበልጡ አሳይቷል። ደብረ ሊባኖስም የጸሎት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ነበር። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የአዲሱም የጥንቱም ትምህርት ልጆች በአንድ ጠላት እጅ ወደቁ ማለት ነው።

ዛሬ ወደ ገነተ ልዑል ግቢ የሚገባ ሰው በሕንፃው ፊት ለፊት አንድ ደረጃ ያያል። ደረጃው እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነገር ግን ወደ ምንም ቤት አያደርስም። ይህን የሠሩት ኢጣልያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሽስት መንግሥት በሮም ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት እንዲቈጥር ያደረጉት ነው። ሐሳባቸው ግዛታቸው በቈየ ቍጥር ደረጃው ከፍ እንዲል ነበር። ሆኖም በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ወጣችና ቈጠራው ቆመ። አባቶቻችንም ደረጃውን በመዶሻ አልሰባበሩትም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆሙበት እንጂ።

እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከብዙ መጽሐፍ የማይገኝ ጥበብ አያለሁ። ደረጃውን ቢያፈርሱት ኖሮ፣ ጠላት ምን ያህል ዘመን ሊገዛን አስቦ እንደ ነበር የሚመሰክር ድንጋይ ባልተገኘም ነበር። እንዳለ ቢተዉት ደግሞ የጠላት ትምክሕት ሆኖ በቀረ። እነርሱ ግን ድንጋዩን ትተው ትርጉሙን ለወጡት። የጠላት ትዕቢት እስከ ላይ ተቈጠረ፤ በመጨረሻው እርከን ላይ ግን የተቀመጠው የድል አድራጊው ምልክት ነው። ታሪክን መጠበቅ ማለት እንዲህ ነው፤ ክፉውን ሳይሸሽጉ፣ ክፉው የመጨረሻውን ቃል እንዳይናገር ማድረግ።

ከነፃነት በኋላ ቤቱ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ሆነ። የተገደሉትን የተማሩ ወጣቶች የሚተካ ትውልድ ለማሰናዳትም ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ተከፈቱ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ትምህርት ጀመረ። ኮሌጁን ያቋቋሙት ከካናዳ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ዶክተር ሉሲዬን ማት ሲሆኑ፣ ሲጀመር የነበሩት ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ሠላሳ ሦስት ሰው ዛሬ ለአንድ ክፍል እንኳ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ታላቅ ነገር ሁሉ ሲጀመር ትንሽ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በሚጐበኙበት ጊዜ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን በገነተ ልዑል አስቀመጡ። ሙከራው መክሸፉ በታወቀ ጊዜ በዚያው ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን በተባለው ክፍል፣ በእስረኞቹ ላይ ተኰሱባቸው፤ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ከሞቱት መካከል ነበሩ። አርበኛው ራስ አበበ በአምስቱ ዓመት ጦርነት ከጠላት ጥይት ተርፈው፣ በወገን ጥይት በዚያ ቤት ወደቁ። ከዚህም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቤት መኖሩን ትተው ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ልክ ዓመት በሞላ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተርም ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ መዘክሩ በዚያው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆኑ።

እንግዲህ ደም የፈሰሰበት ቤት መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት ሆነ፤ ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚደንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ጓደኞቹ ሬሳውን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ባመጡት ጊዜ በማግሥቱ ወታደሮች ግቢውን ጥሰው ገቡ፤ ተማሪዎችም ተገደሉ። ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ስሙ ተለውጦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከዚያ ግቢ የወጡት ወጣቶች ግን ብዙዎቹ በፖለቲካ ተከፋፍለው እርስ በርሳቸው ተጋደሉ፤ ብዙዎቹንም የደርግ መንግሥት በቀይ ሽብር ፈጃቸው።

በሆለታም ነገሩ እንዲሁ ነው። ለአገራቸው የሞቱትን የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ያወጣው ያው የሆለታ በር፣ ከጦርነቱ በኋላ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንም አስመርቋል። ትምህርት ቤት መሣሪያን ይሰጣል፤ መሣሪያው ለምን እንደሚውል የሚወስነው ግን የተማሪው ልብ ነው። የሆለታን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ቢጠራ ያሞግሳል እንጂ አያስተምርም፤ ሁለተኛውን ብቻ ቢጠራ ደግሞ ይወቅሳል እንጂ አይፈርድም።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቃወሙኛል። አንደኞቹ፣ «ያለፈው አልፏል፤ ቍስልን መንካት ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ለነዚህ የአገራችን ሰው በምሳሌ መልስ ሰጥቷቸዋል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሟቹን የቀበረ ቤተ ሰብ ሳይረሳ፣ ሌላው ሰው ረስተናል ቢል፣ መርሳቱ ሰላም ሳይሆን ንቀት ይሆናል። ሁለተኞቹ ደግሞ፣ «የአገርን ነውር ማውራት አገርን ማዋረድ ነው፤ መልካሙን ብቻ ለልጆች እንንገር» ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ አድጎ የተደበቀውን ባገኘው ጊዜ፣ እውነት የነገሩትንም መልካሙን ነገር ጭምር መጠራጠር ይጀምራል። ግማሽ እውነት ሙሉ እምነትን ያጠፋል።

የሌላውን አገር ሰው ሥራ ማየትም ይጠቅመናል። በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ፣ ዊልያምስበርግ በምትባል ከተማ፣ በእንግሊዝ ነገሥታት በዊልያምና በሜሪ ስም የቆመ ኮሌጅ አለ። ደብዳቤው የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1693 ሲሆን፣ ሬን የሚባለው ጥንታዊ ሕንፃው መሠረት በ1695 ተጣለ። ይህ ሕንፃ በ1705፣ በ1859ና በ1862 ሦስት ጊዜ ተቃጠለ፤ ሦስቱንም ጊዜ በቀድሞው ግድግዳ ላይ ተሠራ። ከ1928 እስከ 1931ም ባለው ጊዜ በትንሹ ጆን ሮክፌለር ገንዘብ ወደ ጥንት መልኩ ተመለሰ፤ ዛሬም ጐብኚ ያየዋል፣ ተማሪም ይማርበታል። የአሜሪካ ሦስተኛ ፕሬዚደንት ቶማስ ጄፈርሰን የተማረው በዚያ ነው።

ለብዙ ዘመን በዚያ ሕንፃ የሚተረከው የነዚህ ታላላቅ ሰዎች ስም ብቻ ነበር። ነገር ግን ኮሌጁ ራሱ የባሪያ ጌታ ነበር፤ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጠሩ ብሎ የጻፈው ጄፈርሰንም ባሪያዎች ነበሩት። በ2009 ኮሌጁ ይህን ታሪኩን ማስመርመር ጀመረ፤ በ2022ም ከጥንታዊው ሕንፃ አጠገብ ለነዚያ ባሪያዎች በምድጃ አምሳል መታሰቢያ አቆመ፤ የታወቀውን ስማቸውንም ጻፈበት። ግድግዳው ከታደሰ ወደ 80 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ታሪኩ መታደስ ጀመረ ማለት ነው። ሀብታም አገር ግድግዳን በሦስት ዓመት ማደስ ይችላል፤ እውነትን ለማደስ ግን ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ ትሕትና ያስፈልጋል።

እኛስ የማንን ስም እንጽፍ? በ1940 ዓ.ም. በአገራችን በገጠር መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ባለመሬቱ ግብሩን ብዙ ጊዜ ወደ ጭሰኛው ያስተላልፈው ነበር። ስለዚህ ልጁን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያልነበረው ገበሬ፣ የሌላውን ሰው ልጅ ትምህርት በላቡ ረድቷል። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ስለ መሬት የጮኹት ይህን ዕዳ በማወቃቸው ከሆነ፣ ጩኸቱ የወጣው ከእውነተኛ ትምህርት ነው። የጥንት ትምህርት ቤት ታሪክ የመሥራቾቹና የምሩቃኑ ስም ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ የተሸከመው፣ ግብር የከፈለው፣ ደጁን ሳይረግጥ የሞተውም ሰው በታሪኩ ውስጥ ስፍራ አለው።

በሰበታ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ከሌላው ሰው ይልቅ በቅርብ ታያላችሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በከተማችሁ አለ። ዐይነ ሥውር ልጅ ዕጣው በቤተ ክርስቲያን ደጅ መለመን ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ በነበረበት ጊዜ፣ በጣት እየዳሰሰ የሚያነብበት ቤት ተከፈተለት። ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ጄኔራልም አልሞተበትም፤ ስለዚህ ታሪኩን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም በእኔ አስተያየት፣ የተዘጋን በር የከፈተ ትምህርት ቤት ሁሉ ከቤተ መንግሥት ያላነሰ ቅርስ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ቅርስን መጠበቅ የሚኒስትርና የሊቃውንት ሥራ ብቻ ነው ብለህ እጅህን አታጣጥፍ፤ አንቺም እኅቴ እንደዚሁ። ከእናንተ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጠይቁ፤ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት መቼ እንደ ተከፈተ፣ መሬቱ የማን እንደ ነበረ፣ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ልጆች እንደ ተመዘገቡና ከነዚያም ሴቶቹ ስንት እንደ ነበሩ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ጻፉ፤ የሰማችሁትን ከነቀኑና ከነተናጋሪው ስም በደብተር ላይ አስፍሩ፤ የትምህርት ቤታችሁ አሮጌ መዝገብ በዝናብና በአይጥ እንዳይበላ ተከላከሉ። አሮጌው ክፍል ፈርሶ አዲስ ሲሠራ ፎቶግራፍ አንሡት። ሦስተኛ፣ አትቈራርጡ፤ የሰማችሁት ነገር ወገናችሁን የሚያስመሰግንም የሚያስወቅስም ቢሆን እንደ ሰማችሁት አኑሩት። ፈራጁ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ነው፤ ለፈራጅ ደግሞ ግማሽ ምስክር አይቀርብም።

ከሦስቱ ሁሉ ሦስተኛው ይከብዳል። ሰው የራሱ ወገን የበደለውን ሲጽፍ እጁ ይዝላል፤ የሌላው ወገን የበደለውን ሲጽፍ ግን ብዕሩ ይሮጣል። እጅ በሚዝልበት ስፍራ መጽናት፣ ብዕር በሚሮጥበት ስፍራም ልጓም መያዝ፣ የተማረ ሰው ምልክት ይህ ነው። በቦናያ ሌሊት ጠላታቸውን ያጠቁት ወጣቶች የተማረከውን ጠላት እንዳይበድሉ ደንብ አውጥተው ነበር፤ እኛ በሰላም ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለ ሞቱት ሰዎች እውነቱን መጻፍ ቢያቅተን፣ ከእነርሱ ትምህርት ምንም አልወረስንም ማለት ነው።